የአቦይ ባቡር፤ ወይም አሮጌ መጫወቻ ከመጠረጉ በፊት እንዴት እንደሚመረመር

ትንሽ ዕቃ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል ሲባል ብንሰማም፥ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚያልፍ የቆርቆሮ ባቡር እኛን እንደሚያስተምረንና እንደሚያሳፍረን አስቀድመን አልገመትንም ነበር። ታሪኩን ለውድ አንባቢያን የምናቀርበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ በቤቱ ሣጥን ውስጥ አሮጌ መጫወቻ ያለው ሰው የያዘው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚረዳውን ዘዴ ለማካፈል ነው። ሁለተኛው፥ እኛ በችኰላ የሠራነውን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ለማሳሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እኛ ያደግነው በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ከተማ ነው። ወላጆቻችን በ1984 እና በ1985 በነበረው ረኃብ ምክንያት ድንበር ተሻግረው ከሄዱት ብዙ ሰዎች መካከል ነበሩ። በቤት የምንናገረው ትግርኛ፥ በገበያ ዐረብኛ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ነበር። ዐማርኛን የተማርነው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰን በመንግሥት ሥራ ከገባን በኋላ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ይህን ቋንቋ የሚያጠኑትን የሥራ ባልደረቦቻችንን ድካም በሚገባ እናውቀዋለን።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። መከር በገባ ጊዜ ጆንያ የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ይሞሉታል፤ የከተማው ሰው ወሬ ሁሉ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ይሆናል። ከተማዪቱን ከባሕር ወደብ ጋር ያገናኛት የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ሐያ ከሚባለው መገንጠያ ተነሥቶ ከሰላ የደረሰው በ1924 ነበር፤ በ1928 ወደ ገዳሪፍ ዘለቀ፤ በ1929 ደግሞ ከሰናር ጋር ተገናኘ። እኛ ልጆች በነበርንበት በ1990ዎቹ ግን ባቡር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። ስለዚህ የፉጨቱ ድምፅ በተሰማ ቍጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወደ ሐዲዱ ይሮጥ ነበር። ባቡሩ ካለፈ በኋላ የሰርዲን ጣሳዎችን በሽቦ አያይዘን፥ ከፊት የዘይት ጣሳ አስቀድመን፥ በአቧራው ላይ እየጎተትን የራሳችንን ባቡር እንነዳለን።

በጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «አቦይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ «አባቴ» ማለት ነው። በወጣትነታቸው በአስመራ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ምክንያት የባቡሩ ሥራ በቆመ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በገዳሪፍም ፋኖስ፥ የከሰል ምድጃና የሚያፈስ ድስት እየጠገኑ ኖሩ። በቤታቸው መደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ጥቁር የመጫወቻ ባቡር ነበራቸው። ፉርጎ የለውም፤ ፉርጎ የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ብቻ ነው። በበዓል ቀን ጨርቁን ያነሣሉ፤ ቁልፉን በጥንቃቄ ያዞራሉ፤ ባቡሩም በምንጣፉ ጠርዝ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። እኛ እጃችንን ስንሰድ፥ «ተዉ ልጆቼ፥ ይህ የእንግሊዝ አገር ሥራ ነው፤ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?» ይሉን ነበር። የከተማውን የተሰበረ ዕቃ ሁሉ የሚጠግን ሰው ይህን ማለቱ እንግዳ ነገር መሆኑን በዚያን ጊዜ አላስተዋልንም።

በሚሲዮኑ ቤተ መጻሕፍት «ሜካኖ ማጋዚን» የሚባል አሮጌ የእንግሊዝ መጽሔት በጥራዝ ነበር። በእርሱ ውስጥ ፍራንክ ሆርንቢ የሚባል ሰው በሊቨርፑል ባቋቋመው ፋብሪካ ከ1920 ጀምሮ በቁልፍ የሚሠሩ የመጫወቻ ባቡሮች እንደ ተሠሩ አነበብን። ወዲያውኑ ወደ አቦይ ሮጠን ሄደን፥ «ባቡርዎ ሆርንቢ ነው» ብለን ነገርናቸው። ጥቂት ፈገግ ብለው፥ «እናንተ ካላችሁ ይሁን» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰፈሩ ሁሉ የአቦይ ባቡር ሆርንቢ ነው እያልን እንናገር ነበር። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፤ የመረመረው ግን ማንም አልነበረም።

አቦይ በ2011 ዐረፉ። እኛ በዚያን ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰን ነበር፤ ኋላም በድንበሩ ከተማ በመተማ ዮሐንስ በመንግሥት ሥራ ላይ ተመደብን። የአቦይ ልጅ ግን በካርቱም ትኖር ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ እርሷም እንደ ብዙ ሰዎች ልጇን ይዛ ወደ ገዳሪፍ ሸሸች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈቃድ ወስደን፥ በገላባት በኩል አልፈን ልንጠይቃት ሄድን። አንዲት ክፍል ተከራይታ፥ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ሻይ እየሸጠች አገኘናት። ስደተኛው ስለ በዛ የቤት ኪራይ እጅግ ከፍ ብሏል። ሰባት ዓመት የሆነው ልጇም በሳል ታሞ ነበር።

ሻዩን ከጠጣን በኋላ ከሣጥኗ ውስጥ አንድ ጥቅልል አወጣች። ጨርቁን ስትፈታው ያ የምናውቀው ጥቁር ባቡር ነበር። ከካርቱም ስትወጣ ከልብስና ከወረቀቶቿ በቀር የያዘችው እርሱን ብቻ ነው። «ሓወይ» አለችን፤ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «አንተ የተማርህ ሰው ነህ። እንዲህ ያለውን አሮጌ ነገር በብዙ ገንዘብ የሚገዙ ሰዎች አሉ ይባላል። አባቴ ቢያይ አይቀየመኝም፤ ሽጥልኝ።» እኛም ሳናመነታ፥ እውነተኛ ሆርንቢ ስለ ሆነ ጥሩ ዋጋ ያወጣል ብለን ተስፋ ሰጠናት።

ወደ መተማ እንደ ተመለስን፥ አሮጌ መጫወቻ ለሚሰበስብ አንድ በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ስልክ ደወልን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ፥ በቁልፍ የሚጠመዘዝ፥ ሙሉ የሆርንቢ ሎኮሞቲቭ አለን አልነው። እንደ ነገራችሁኝ ከሆነ ይህን ያህል እከፍላለሁ አለን። ገንዘቡ የአቦይን ልጅ የስድስት ወር ኪራይ የሚችል ነበር። ነገር ግን አስቀድማችሁ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ላኩልኝ አለ።

እንግዲህ ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ለፎቶግራፍ አምሮ ይታይ ብለን፥ በዚያው ምሽት ጨርቅ በላምባ ነክረን ባቡሩን ፈተግነው። ጥቀርሻውና የብዙ ዓመት እድፉ ለቀቀ፤ ጥቁሩም ቀለም አንጸባረቀ። በነጂው ቤት ጎን ላይ የነበረ የደበዘዘ ነጭ ነገርም ከእድፉ ጋር አብሮ ጠፋ። የኖራ ጠብታ መስሎን ነበር። አበው «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

በማግሥቱ ገዢው ምን ምን እንደሚጠይቀን ለማወቅ ስለ ፈለግን፥ ስለ አሮጌ የመጫወቻ ባቡሮች የተጻፈውን እያነበብን ዕቃውን በሥርዓት መመርመር ጀመርን። ከመጥረጋችን በፊት ልናደርገው ይገባን የነበረው ይህ ነው። ደረጃውንም አንድ በአንድ እንገልጻለን።

መጀመሪያ ሐዲዱን ለኩ። ትልቁም ትንሹም ባቡር የሚታወቀው በሁለቱ ብረቶች መካከል ባለው ስፋት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የነበረውና በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ 1000 ሚሊሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ 1435 ነው፤ የሱዳኑ 1067፥ የኤርትራው 950 ነው። በመጫወቻም እንዲሁ ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በ1891 በላይፕሲግ ትርኢት መጠኖቹን በቍጥር ከለየ ወዲህ ሌሎቹም ሠሪዎች ያንን ተከተሉ። 45 ሚሊሜትር የሆነው «ቍጥር አንድ» ይባላል፤ 32 ሚሊሜትር የሆነው «ዜሮ»፤ 16 ሚሊሜትር ተኩል የሆነው ደግሞ «ግማሽ ዜሮ» ነው። በጥቅሉ ሲታይ ትልልቆቹ የቀድሞ፥ ትንንሾቹ የኋላ ዘመን ናቸው። የአቦይን ባቡር በማስመሪያ ስንለካው 32 ሚሊሜትር ሆነ። ሆርንቢ ከ1920 ጀምሮ የሠራው በዚህ መጠን ስለ ሆነ ደስ አለን።

ሁለተኛ፥ ከምን እንደ ተሠራ መርምሩ። ለዚህ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። የቀድሞ መጫወቻዎች ገላ ብዙውን ጊዜ ከቆርቆሮ ስለ ሆነ ማግኔት ይይዘዋል፤ ናስና ዚንክ ግን አይያዙም። ከጦርነቱ በፊት በቅርጽ ፈስሰው የተሠሩ የዚንክ ክፍሎች፥ ብረቱ ንጹሕ ካልነበረ ከዓመታት በኋላ በራሳቸው ያብጣሉ፥ ይሰነጠቃሉም፤ ይህ በሽታ እንጂ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። ከ1945 በኋላ ደግሞ እንደ ጣሊያኑ ሪቫሮሲ ያሉ ፋብሪካዎች ፕላስቲክን አብዝተው ተጠቀሙ። በአቦይ ባቡር ላይ ማግኔቱ ገላውን ያዘ፤ የፊተኞቹን አራት መንኰራኵሮች ግን አልያዘም። በጥፍራችን ብንጭራቸው ከጥቁሩ ቀለም ሥር ቢጫ ናስ ታየ። ይህ በመጽሐፍ ካየነው ጋር አልተስማማም።

ሦስተኛ፥ መገጣጠሚያውን ተመልከቱ። የፋብሪካ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ የሚገጣጠመው በምላስና በቀዳዳ ነው፤ ከአንዱ ወገን የወጣው ምላስ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ ይታጠፋል። ቀለሙም ወይ ቆርቆሮው ሳይታጠፍ በፊት በማተሚያ የታተመ ነው፥ ወይም ከተገጣጠመ በኋላ በእኩል ተረጭቶ የደረቀ ነው። በአቦይ ባቡር ላይ ግን ምላስ የለም፤ መገጣጠሚያው ሁሉ በብየዳ ነው። ቀለሙ ላይም የብሩሽ መስመር ይታያል።

አራተኛ፥ ምልክቱን ፈልጉ። በኑረምበርግ የነበረው የቢንግ ፋብሪካ በመጀመሪያው ዘመን «ጂ ቢ ኤን»፥ በኋላ ደግሞ «ቢ ደብልዩ» የሚሉ ፊደላት ያትም ነበር። የሆርንቢ ባቡሮች የሜካኖንና የሊቨርፑልን ስም ይይዛሉ። ምልክት ከሌለ ግን ተስፋ አይቈረጥም፤ የዕቃው ውስጡ ከውጩ ይልቅ ይናገራልና። እኛም ውስጡን ለማየት ብሎኖቹን ለመፍታት ተነሣን።

ዐማርኛን ለሚማሩት ባልደረቦቻችን በዚህ ቦታ አንድ ነገር እናስታውሳለን። የእጅ ሥራ ቤት ዐማርኛ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ፥ ብረት የሚከረክመውን መኪና ቶርኖ፥ ተጠቅልሎ የሚፈታውን ብረት ሞላ ይሉታል፤ እነዚህ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ትግርኛውም ከዚያው ወስዷቸዋል። ፉርጎና ለገሃር የሚሉት ደግሞ ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። እነዚህን ቃላት የሚያስተምራችሁ ጋራዥ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አምስተኛው ምርመራ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ማወቅ ነው፤ በሞላ ነው፥ በኤሌክትሪክ ነው፥ ወይስ በእውነተኛ እንፋሎት? የእኛው በሞላ ነው። ብሎኖቹን ፈትተን ሞተሩን ስናወጣ፥ ከኋለኞቹ አራት መንኰራኵሮች ጋር በአንድነት የተያዘ፥ ወደ ነጂው ቤት የሚወጡ ሁለት ዘንጎች ያሉት ሆነ፤ አንዱ ዘንግ ማቆሚያ፥ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስኬጃ ነው። ከሆርንቢ ሞተር ሥዕል ጋር ስናስተያየው በሁሉም ነገር ተስማማ። እንግዲህ ሞተሩ በእውነት የእንግሊዝ ሥራ ነው።

ሞተሩ ከወጣ በኋላ ባዶውን ገላ ወደ መብራት አዙረን ወደ ውስጡ ተመለከትን። የውኃ ማፍያው በርሜል በሚሆነው ክፍል ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ነበረ፤ በላዩም የጣሊያንኛ ፊደል። ግማሹ በብየዳው ተሸፍኗል፤ የቀረው «...ቼንትራቶ» የሚል ነበር። ለጥቂት ጊዜ የፋብሪካ ስም መስሎን ተጨነቅን። በኋላ ግን በአስመራ የኖረ ባልደረባችን አይቶ ሳቀ። «ኮንቼንትራቶ ነው፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው እኮ!» አለን።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልን። የፊተኞቹ አራት መንኰራኵሮች በአንድ ሚስማር ላይ ተሰክተው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወዛወዙ ነበር፤ ትናንት ተሰብረው የላሉ መስሎን ልናጠብቃቸው አስበን ነበር። አልተሰበሩም፤ እንዲወዛወዙ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በጎን ያሉት አራት ሲሊንደሮችም እኩል አይደሉም፤ የኋለኞቹ ሁለት ቀጭን፥ የፊተኞቹ ሁለት ወፍራም ናቸው። ይህ የማሌት ሎኮሞቲቭ መልክ ነው። አናቶል ማሌት የተባለው መሐንዲስ በ1884 ባወጣው ዘዴ፥ እንፋሎቱ መጀመሪያ በኋላ ባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች ይሠራል፤ ከዚያ ኀይሉ ቀንሶ ስለሚሰፋ በፊት ባሉት ትልልቅ ሲሊንደሮች ሁለተኛ ጊዜ ይሠራል። የፊተኞቹ መንኰራኵሮች ስለሚወዛወዙም ባቡሩ በጠባብ መጠምዘዣ ላይ ሳይናወጥ ይዞራል። ከምፅዋ ባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ወደ አስመራ ለሚወጣው፥ በ1911 ለተፈጸመው ሐዲድ እንዲህ ያለው ባቡር ተስማሚ ነበር። የጣሊያኑ አንሳልዶ ፋብሪካም በ1938 ለዚሁ መስመር «442» የሚባሉትን ስምንት የማሌት ሎኮሞቲቮች ሠርቷል።

አንድ ሒሳብ ደግሞ ጨመርን። የኤርትራውን ሐዲድ 950 ሚሊሜትር ለ32 ብናካፍለው ሠላሳ ያህል ይሆናል። የተገኘው አሮጌ ሞተር 32 ስለ ነበረ፥ ሠሪው የእውነተኛውን ባቡር መጠን ለሠላሳ እያካፈለ ገላውን ቀርጿል ማለት ነው። የናሱ መንኰራኵሮች ላይ የቶርኖ ስለት የተወው ክብ መስመር ገና ይታያል። በአስመራ ጋራዥ በ442 ሥር ተኝቶ የሚውል፥ ቶርኖ የሚያውቅ፥ ከቤቱ የወደቀ የድልህ ጣሳ የማይጥል ሰው ማን እንደ ሆነ ለመናገር ምስክር አላስፈለገንም። «ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?» ያሉት ሽማግሌ ራሳቸው ሠርተውት ነበር። የእንግሊዝ ሥራ ማለታቸውም ሐሰት አልነበረም፤ ሞተሩ የእንግሊዝ ነው። ሙሉውን ሆርንቢ ነው ያልነው እኛ ነን፤ እርሳቸው የልጆችን ደስታ ላለመስበር ዝም አሉ።

የተገኘው እውነት ግን የአቦይን ልጅ ኪራይ የሚቀንስ እውነት ነበር። ያ የሳቀው ባልደረባችን፥ «የኋላውን ግማሽ ብቻ ፎቶግራፍ አንሡና ላኩ፤ ሞተሩና ቁልፉ ይታዩ፤ ገንዘቡ ለችግረኛ ነው፥ ኀጢአት የለውም» አለን። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የታመመውን ልጅና የቤት አከራዩን ስናስብ ምክሩ ትክክል ይመስለናል፤ ደግሞ አቦይ ከድልህ ጣሳ ያወጡትን ሥራ ሌላ ስም ሰጥተን እንደ ተሰረቀ ዕቃ በጨለማ ልንሸጠው መሆኑን ስናስብ ያሳፍረናል። ሲነጋ ከስምንቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንሥተን፥ የጣሳውን ጽሕፈት ሳይቀር ላክንለት፤ በስልክ የተናገርነውም ስሕተት እንደ ነበረ ጻፍን።

ሰብሳቢው ስለ ቅንነታችን አመሰገነ። ቀጥሎም ሙሉውን ሊገዛ እንደማይፈልግ፥ ነገር ግን ሞተሩ በደኅና የሚሠራ ስለ ሆነ ሞተሩን ከነቁልፉ ለብቻው በተስፋው ዋጋ እኩሌታ እንደሚወስድ ነገረን። ገላውን መልሱ፥ ለእኔ ዋጋ የለውም አለ። በዕቃ ሰብሳቢነቱ ያለው ትክክል ነው፤ አንቀየመውም።

ይህ ውሳኔ የእኛ ስላልነበረ፥ ባቡሩን ይዘን እንደገና ወደ ገዳሪፍ ሄድን። የአቦይ ልጅ ሻይ ስትቀዳ አግኝተን፥ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርናት። የጣሳውን ጽሕፈት ስናሳያት ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠችና ገላውን በሁለት እጇ ያዘችው። ከጥቂት ዝምታ በኋላ፥ «ባቡሩን እንደገና ለመሥራት በ1990ዎቹ በአስመራ ጡረተኞቹን ሠራተኞች ሲጠሩ፥ አባቴ ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ ጉልበቱ እንቢ አለው» አለችን። ቀጥሎም ጎኑን አገላብጣ አየችና፥ «ቍጥሩ የታለ?» ስትል ጠየቀችን።

ምን ቍጥር ብለን ጠየቅናት። «በነጂው ቤት ላይ በነጭ የተጻፈ። 442 የሚል። በየዓመቱ በልደት ዋዜማ በቀጭን ብሩሽ ያድሰው ነበር።» የኖራ ጠብታ መስሎን በላምባ የፈተግነው እርሱ ነበር። ቢቀር ኖሮ ያን ሁሉ ምርመራ ባላስፈለገን፤ ባቡሩ ማን እንደ ሆነ በጎኑ ላይ ተጽፎ ነበርና። እኛው እንዳጠፋነው ነገርናት። እርሷ አልተቈጣችንም፤ እኛ ግን ከመሬት ዐይናችንን ማንሣት አቃተን።

ስለ ሞተሩ ለመወሰን ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። «ሞተሩ ከሌላ ሰው የመጣ ነው፤ ወደ ሌላ ሰው ይሂድ። ልጄ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጣሳው ግን የአባቴ እጅ ነው» አለችን። ሞተሩን ከነቁልፉ ወሰድን፤ ገንዘቡም በሳምንቱ ደረሳት። የስድስት ወር ሳይሆን የሦስት ወር ኪራይ ሆነ፤ ከእርሱም ለመድኃኒት ተከፈለ።

በቦርሳችን ውስጥ በቢሮ የተጻፈ ስሕተት የምንሸፍንበት ነጭ ማረሚያ ቀለም ነበረ። ብዙ ዓመት ለመንግሥት ወረቀት ብቻ ተጠቅመንበታል፤ በዚያን ቀን ግን ለእርሷ ሰጠናት። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ እየነከረች 442 ብላ ጻፈች። የአቦይን አጻጻፍ ስለምታውቅ የመጨረሻውን ቍጥር ጅራት ጥቂት አስረዘመችው። በሞተሩ ቦታም ሁለት ዘንግ አስገብታ አራት የጠርሙስ ክዳኖች ሰካችባቸው፤ የአባቷ ልጅ ናትና።

ልጁ ሳሉ ቀለል ብሎለት ነበር። ባቡሩን ተቀብሎ ወደ ጣቢያው ሐዲድ ሮጠ። የእውነተኛው ብረት ራስ ከመጫወቻው መንኰራኵር ስፋት ስለሚበልጥ፥ ባቡሩን በአንዱ ብረት ጫፍ ላይ አስቀምጦ በእጁ እየገፋ ወደ ከሰላ አቅጣጫ ሄደ። ቁልፍ ስላልነበረው ድምፁን በአፉ ያወጣለት ነበር።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ አሮጌ መጫወቻ ቢኖር፥ ስም ከማውጣትህ በፊት ለካው፤ ከመጥረግህ በፊት እድፉን ሳይቀር አንብበው፤ የላላ የመሰለህን ከማጥበቅህ በፊት ለምን እንደ ላላ ጠይቅ። ምልክት ብታገኝ ፎቶግራፍ አንሣው፤ ቀለም ብትጠራጠር በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፍ፤ ላምባ አታስጠጋ። ከሁሉ አስቀድመህ ግን ዕቃው በማን እጅ እንደ ነበረ የሚያውቀውን ሰው ጠይቅ፤ እኛ የአቦይን ልጅ አስቀድመን አንድ ቃል ብንጠይቃት ኖሮ ቍጥሩ በአባቷ እጅ እንደ ተጻፈ በኖረ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እኛ ግን ሳይነጋ በላምባ ልናጠራው ሞከርን።